የጅራፌን ሻጋታ እንዴት አስለቀቅኩት

ሐምሌ ሲገባ ከጠፍር የተጎነጎነው ጅራፌ ነጭ ሻጋታ አበቀለ። ቤቴ ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም አይርቅም። ክረምት ላይ ቆዳ ቶሎ አይደርቅም። ጠረግኩት፤ በ4ኛው ቀን ተመለሰ።

አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እንጨት ሆነ፤ ሲታጠፍ ይንቋቋል። ይለስልስ ብዬ የኑግ ዘይት አጠጣሁት። ተጣበቀ፣ አቧራ ሰበሰበ፣ ሸተተ። በፌስታል ጠቅልዬ ሳስቀምጠውማ ሻጋታው ጉንጉኑ ውስጥ ገባ።

የሠራልኝ ይኸው፦ ደጅ ወጥቼ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጉንጉኑን እየተከተልኩ አራገፍኩት። ቤት ውስጥ አትሞክሩት፤ ብናኙ ይበተናል። አቼቶና ውኃ እኩል ቀላቅዬ፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ወለወልኩት። 2 ቀን ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ተውኩት። ከዚያ ሞራና ሰም በዝግታ አቅልጬ፣ ለብ ሲል በጣቴ ስስ አድርጌ ቀባሁት። ትርፉን በማግስቱ ጠረግኩ። ስስ ያልኩት ለጨዋታ አይደለም፤ ከበዛ እንደ ዘይቱ ነው።

ምስማር ላይ መስቀልም ትቻለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ያጥፈዋል። አሁን ሰፋ አድርጌ ጠቅልዬ፣ ግድግዳ ላይ በጎኑ በመታሁት ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ነው የማንጠለጥለው። ለቡሄ አውርጄ አጮኽኩት። የቀየርኩት የጫፉን ቃጫ ብቻ ነው።