የኩላሊትን ጨውና ውሃ የሚቆጣጠሩ ሆርሞኖችን ሳያምታቱ ለማጥናት

ይህን ርዕስ የሚያጠና ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው የሆርሞኖቹን ስም በመሸምደድ ነው፤ ይሁን እንጂ ስሞቹን ለጊዜው አቆይቶ ሁለት ጥያቄዎችን ለያይቶ መጠየቅ ይሻላል። አንደኛው በደም ውስጥ ያለው ጨው ከውሃው ጋር ሲነጻጸር በዝቷል ወይስ አንሷል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው በደም ሥሮች ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ በጠቅላላው በቂ ነው ወይ የሚል ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ ቫሶፕሬሲን ይመራል። ይህ ሆርሞን ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ተሠርቶ ከአንጎል ሥር ካለው ከፒቱታሪ ዕጢ የኋላ ክፍል የሚለቀቅ ሲሆን፣ በደም ውስጥ የሟሙ ነገሮች ክምችት ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ከፍ ቢል እንኳ መጠኑ ይጨምራል። በሽንት ሰብሳቢ ቱቦዎች ሴሎች ላይ አኳፖሪን የተባሉት የውሃ መተላለፊያዎች እንዲበዙ ስለሚያደርግ ውሃው ወደ ደም ይመለሳል፤ ሽንቱም ጥቂትና የተከማቸ ይሆናል። ውሃ በብዛት ሲጠጣ ደግሞ ሆርሞኑ ይቀንስና ሽንቱ ይቀጥናል።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚፈታው በሰንሰለት ነው። ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ግፊቱ ሲቀንስ ኩላሊቱ ራሱ ሬኒን የተባለውን ኢንዛይም ይለቃል፤ ሬኒን ከጉበት የሚመጣውን አንጂዮቴንሲኖጅን የተባለ ፕሮቲን ወደ አንጂዮቴንሲን 1 ይለውጠዋል፤ ይህም በዋነኛነት በሳንባ የደም ሥሮች በሚገኝ ኢንዛይም አማካይነት አንጂዮቴንሲን 2 ይሆናል። አንጂዮቴንሲን 2 የደም ሥሮችን ከማጥበቡ በላይ ከኩላሊት በላይ ያለውን አድሬናል ዕጢን አነሣሥቶ አልዶስቴሮን የተባለውን ሆርሞን ያስለቅቃል። አልዶስቴሮን በኩላሊት በኩል ሶዲየምን (የጨውን ዋና ንጥረ ነገር) አስቀርቶ ፖታሲየምን ያስወግዳል፤ ውሃም ሶዲየሙን ተከትሎ ስለሚቀር የሚዘዋወረው ፈሳሽ ይጠበቃል፤ ሴሎቹ አዳዲስ ፕሮቲኖችን እንዲሠሩ በማዘዝ ስለሚሠራም ውጤቱ ሙሉ ለሙሉ የሚታየው ከሰዓታት በኋላ ነው። የልብ የላይኛው ክፍሎች በፈሳሽ ብዛት ሲለጠጡ የሚያመነጩት ሆርሞን ሶዲየምን በማስወገድ ተቃራኒውን ይሠራል።

ሁለቱ ጥያቄዎች የሚጋጩበት ሁኔታ ለልምምድ ይበልጥ ይጠቅማል። በተቅማጥ ብዙ ጨውና ውሃ ያጣ ሰው የሚተካው ንጹሕ ውሃ ብቻ በመጠጣት ነው እንበል። ደሙ እየቀጠነ ስለሆነ ቫሶፕሬሲን መቀነስ ነበረበት፤ ነገር ግን የፈሳሹ መጉደል ከበረታ ሆርሞኑ መለቀቁን ይቀጥላል፤ ሰውነት በደም ውስጥ ከሟሙት ነገሮች ክምችት ይልቅ የደሙን ዝውውር ያስቀድማልና። አልዶስቴሮንም እንዲሁ ከፍ ይላል። የጠጣው ውሃ ስለሚቀር የደሙ ሶዲየም በሊትር ከ135 ሚሊሞል በታች ሊወርድ ይችላል። ሆኖም የሶዲየም ቁጥር ዝቅ ባለ ቁጥር ጨው ጎድሏል ብሎ መደምደም አይገባም፤ በልብ ድካም ምክንያት ሰውነቱ ባበጠ ሕመምተኛም ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል፤ በዚህ ሰው ዘንድ ግን አጠቃላዩ ሶዲየም ከመጠን በላይ ነው፤ የተጠራቀመው ውሃ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።