«ገቢያችን ከጣሪያው ያልፋል» እና ሌሎች የፋይናንሻል ኤይድ ስህተቶች

አባት ታክሲ ይነዳል፣ እናት ሆስፒታል ትሠራለች። ሁለቱ ተደምረው በዓመት 130 ሺህ ዶላር አካባቢ ያስገባሉ። ችግረኛ አይደሉም፤ ግን ልጃቸውን ከኪሳቸው ከፍለው ኮሌጅ ማስተማር ይከብዳቸዋል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ የሐበሻ ቤት ብዙ ነው። ልጅ አስራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ታዲያ ያው ጥያቄ ይመጣል፤ ለኮሌጅ ክፍያ እርዳታ (ፋይናንሻል ኤይድ) እናመልክት ወይስ ይቅር? እኔ አመልክቱ ባይ ነኝ። እነዚህን ስህተቶች ግን አትሥሩ።

«ለኛ አይሰጡንም» ብሎ መተው

ፋፍሳ፣ ማለትም የፌዴራል መንግሥቱ የኮሌጅ እርዳታ ማመልከቻ፣ የገቢ ጣሪያ የለውም። መሙላቱም በነፃ ነው። እርግጥ ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የመንግሥት እርዳታ (በ2025-26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው) መካከለኛ ገቢ ላለው ቤት ብዙ ጊዜ አይደርስም። ሰው ይህን ይሰማና ሁሉንም ይተወዋል። ነገር ግን በተማሪው ስም የሚሰጠው የመንግሥት ብድር፣ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 5,500 ዶላር፣ የወላጅን ገቢ አይጠይቅም። ፋፍሳ ካልተሞላ ግን እሱም የለም።

ትልቁ ገንዘብ ያለው ኮሌጆቹ ራሳቸው ጋ ነው። ሀርቫርድ ከ2025-26 ጀምሮ ገቢያቸው እስከ 200 ሺህ ዶላር የሆነና ከዚያ ጋር የሚመጣጠን ሀብት ያላቸው ቤተሰቦች የትምህርት ክፍያ እንዳይከፍሉ ወስኗል። ፕሪንስተን ደግሞ ለአብዛኞቹ እስከ 250 ሺህ አድርሶታል። መግባቱ ሌላ ጣጣ ነው፣ አውቃለሁ። ሁሉም ኮሌጅም እንደነሱ ቸር አይደለም። ግን ማን እንደሚሰጥና ማን እንደማይሰጥ ሳታመለክቱ አታውቁም።

በተለጠፈው ዋጋ መደንገጥ

ተማሪዎቹ የፌዴራል እርዳታ የሚያገኙበት ኮሌጅ ሁሉ ድረ ገጹ ላይ የናንተን ግምታዊ ክፍያ የሚያሰላ ካልኩሌተር እንዲያስቀምጥ ሕግ ያስገድደዋል። ታክሳችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉና ሞክሩት። በወረቀት ላይ ውድ የሆነው የግል ኮሌጅ አንዳንዴ ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ረክሶ ይገኛል።

ሀብትን በተሳሳተ ቦታ መቁጠር

እዚህ ላይ ነው ሐበሻ ብዙ የሚሳሳተው። የምትኖሩበት ቤትና 401ኬ (በሥራ ቦታ የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ) ፋፍሳ ላይ አይገቡም፤ ጨምሮ የሚጽፍ ራሱን ይጎዳል። አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየም ግን የምትኖሩበት ስላልሆነ ዕዳው ተቀንሶ ይቆጠራል። «ማን ያውቅብናል?» የሚል አይጠፋም። የምትፈርሙት ለፌዴራል መንግሥት ነውና እኔ አልመክርም።

የባንክ ሒሳብ የሚታየው ቅጹን በሞላችሁበት ቀን ባለው መጠን ነው። ዕቁብ ደርሷችሁ ብሩ ባንክ ተቀምጦ ከሆነ ይቆጠራል። ገና የምትጥሉት ዙር እንዳለ ቅጹ አያውቅላችሁም። ብሩን በልጁ ስም ማስቀመጥም አያዋጣም። ከወላጅ ቁጠባ ለኮሌጅ ይከፈላል ተብሎ የሚታሰበው ግፋ ቢል 5.64 በመቶ ሲሆን ከልጁ ግን 20 በመቶ ነው።

ብዙ የግል ኮሌጆች ከፋፍሳ በተጨማሪ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ቅጽ ይጠይቃሉ። እሱ ጠለቅ ብሎ ያያል፤ አንዳንዶቹ የምትኖሩበትን ቤት ዋጋ ሳይቀር ያስባሉ።

ሀገር ቤት የሚላከውን ዝም ማለት

በየወሩ ለእናት፣ ለእህት የሚላከውን ገንዘብ ፋፍሳ የሚሞላበት ቦታ የለውም። ለኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ግን ከነደረሰኙ ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል። ይቀበሉታል ማለት አይደለም፤ ውሳኔው የነሱ ነው። ሥራ ለቀቀ ሰው ወይም ሕክምና ብዙ ላስወጣው ግን ይህ ደብዳቤ ወሳኝ ነው። ምክንያቱም ቅጹ የሚያየው የቆየ ታክስ ነው፤ ለ2026-27 የሚታየው የ2024ቱ ነው።

ዘግይቶ ማሰብ

በዚሁ ስሌት ገቢያችሁ መታየት የሚጀምረው ልጁ አስረኛ ክፍል እያለ፣ ከጥር ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት ከ401ኬ ገንዘብ ብታወጡ ገቢ ሆኖ ይመጣባችኋል።

ትንንሾቹ

ፋፍሳ ለማስሞላት ለማንም አትክፈሉ፣ የይለፍ ቃላችሁንም አትስጡ። ከአይአርኤስ (ከፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ) የታክስ መረጃው እንዲወሰድ ፈቃድ ያልሰጠ ወላጅ የልጁን የፌዴራል እርዳታ ያስቀራል። ሁለት ልጆች አንድ ላይ ኮሌጅ ስለገቡ የፌዴራሉ ስሌት ይቀንስልናል ብላችሁም አትጠብቁ፤ ያ ከ2024-25 ጀምሮ ቀርቷል።

ማመልከት የማያስፈልግበት ጊዜ አለ?

አንዳንድ ኮሌጆች ተማሪ ሲቀበሉ እርዳታ የሚፈልግ መሆን አለመሆኑን ያያሉ። ስለዚህ አራቱንም ዓመት ከኪሱ መክፈል የሚችል ቤተሰብ እርዳታ ባይጠይቅ ያስኬዳል። የመጀመሪያውን ዓመት በቁጠባ ከፍለን ከዚያ እንጠይቃለን የምትሉ ግን አስቀድማችሁ ኮሌጁን አነጋግሩ። አንደኛ ዓመት ላይ ላልጠየቀ ሰው በኋላ የራሳቸውን ግራንት የማይሰጡ አሉ።