የልብ ደም ስርን የዘጋ የረጋ ደም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትልቁ ስህተት፣ የረጋ ደምን አንዴ ተፈጥሮ ባለበት የሚቆይ ነገር አድርጎ ማሰብ ነው። በልብ ደም ስር ግድግዳ ላይ የተጠራቀመው ስብ ሽፋኑ ሲቀደድ ቀድመው የሚደርሱት ፕሌትሌቶች፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች ናቸው፤ እርስ በርስ ተጣብቀው በደቂቃዎች ውስጥ ነጣ ያለ ጉብታ ይሠራሉ። ቀጥሎ ፋይብሪን የሚባል የፕሮቲን ክር ይዘረጋና ቀይ የደም ሕዋሳትን ያጠምዳል። በጭድ የተቦካ ጭቃ እርጥብ ሳለ በእጅ ይፈርሳል፣ ከደረቀ ግን መቆፈሪያ ይፈልጋል፤ እዚህ ጭዱ ፋይብሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የፈረንሳይ ሐኪሞች ጥናት ከሕሙማን የልብ ደም ስር የወጣውን የረጋ ደም ሲመረምር ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፋይብሪን ነበር። የደረት ሕመሙ ከጀመረ ሰዓቱ በገፋ ቁጥርም ፕሌትሌቱ እያነሰ፣ ፋይብሪኑ እየበዛ ሄዷል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ያው ሆኖ ውጤቱ ከሰው ሰው የሚለያየው አንድም በዚህ ነው።

የደረት ሕመሙን «ጨጓራዬ ነው»፣ «ብርድ መትቶኝ ነው» ብሎ ዝንጅብል ጠጥቶ ማደር ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። ደም ስሩ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ የልብ ጡንቻ ከውስጠኛው በኩል መሞት ይጀምራል። በ1986 ይፋ የሆነው ጂሲ የተባለው የጣሊያን ጥናት የረጋ ደም የሚያሟሟውን ስትሬፕቶኪናዝ ፈትኖ ነበር። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ መድኃኒቱን ባገኙት ሕሙማን ላይ ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሰ፤ ከ6 ሰዓት በኋላ በደረሱት ላይ ግን ጥቅሙ ጎልቶ አልታየም። ደረትን የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ፣ በላብ የሚያጠምቅ ሕመም ከመጣ ሳይውል ሳያድር አምቡላንስ ይጥሩ፤ በኢትዮጵያ 907 ነው።

ሕመሙ ሲተው «አለፈልኝ» ማለትም ያታልላል። በ1980 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓታት ከተመረመሩት 87 በመቶዎቹ ደም ስራቸው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ተገኘ፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ከተመረመሩት ግን 65 በመቶ ነበሩ። አንዳንዱ የረጋ ደም በራሱ ይሟሟል ማለት ነው። የተረፈው ቅሪት ግን ፕሌትሌቶችን መልሶ ይስባል፣ ደም ስሩም ዳግም ሊዘጋ ይችላል። ሕመም የጠፋው ጡንቻው ስለሞተ ሊሆንም ይችላል።

ሕመሙ ዛሬ ስለጀመረ ደሙም ዛሬ ነው የረጋው ማለት ልክ አይደለም። በ2005 የወጣ የኔዘርላንድ ጥናት ሕመም በጀመራቸው በ6 ሰዓት ውስጥ ከታከሙ ሰዎች የወጣውን የረጋ ደም ሲያይ፣ ግማሽ ያህሉ ቀናት ወይም ሳምንታት ያስቆጠረ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ዳገት ሲወጡ መጥቶ አረፍ ሲሉ የሚተው የደረት ሕመም አዲስ ከጀመረዎ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ያ ራሱ በቂ ምክንያት ነው።

አስፕሪን ወስዶ ቤት መቀመጥም አይበጅም። አይሲስ 2 የተባለው የ1988 ጥናት ከ17,000 በላይ ሕሙማንን አሳትፎ አስፕሪን ሞትን በ23 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አስፕሪን ፕሌትሌቶች እንዳይጣበቁ ይከላከላል እንጂ የተዘረጋውን ፋይብሪን አያሟሟም። መጀመሪያ አምቡላንስ፣ ከዚያ አለርጂ ወይም የመድማት ችግር ከሌለ በባለሙያ ምክር አስፕሪን ማኘክ።

የመጨረሻው ብዙም የማይነገርለት ስህተት ነው፦ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት በደፈናው መናገር። ሐኪሙ የሚያሟሟ መድኃኒት ለመስጠት ሲወስን የሚያሰላው ከዚያች ሰዓት ተነሥቶ ነው። በውጭ አገር ያሉ እናቶቻችንና አባቶቻችን በእኛ አቆጣጠር «ከሦስት ሰዓት ጀምሮ» ሲሉ አስተርጓሚው እንዳለ ካስተላለፈው ስሌቱ በስድስት ሰዓት ይዛባል። «ከጀመረኝ ሁለት ሰዓት ሆኖታል» ብሎ ያለፈውን ጊዜ መንገር ይሻላል፤ አብሮ የሄደው ሰውም ሰዓቱን በወረቀት ጽፎ ለሐኪሙ ይስጥ።