አጭር ዘጋቢ ፊልም ለምትጀምሩ፦ መጀመሪያ ድምፁን

ካሜራ እስክትገዙ አትጠብቁ፤ የእጅ ስልክ ይበቃል። የጀማሪን ፊልም የሚገድለው ከምስሉ ይልቅ ድምፁ ነው። ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ስቀርጽ ስልኩን ሦስት ሜትር ያህል ርቄ ይዤ ነበር፤ ቤት ገብቼ ስሰማው የሰውዬውን ንግግር የሚኒባስ ጥሩምባ ውጦታል። አሁን ሁለተኛ ስልክ እዋሳለሁ፣ ድምፅ መቅጃውን ከፍቼ በተናጋሪው የደረት ኪስ ውስጥ ገልብጬ እከተዋለሁ (የብዙ ስልኮች ማይክሮፎን ከታች ነው፤ የጥሪ መስመሩንም መዝጋት አትርሱ)። ቀረጻው ሲጀመር አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ በቅንብር ጊዜ ድምፁንና ምስሉን የምታገጣጥሙት በዚያች ጭብጨባ ነው።

ጥያቄያችሁ በፊልሙ ውስጥ የማይሰማ ከሆነ «አዎ፣ በልጅነቴ» የሚል መልስ አይጠቅማችሁም። «ሽመና የጀመርኩት በልጅነቴ ነው» ብለው እንዲመልሱ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ከመውጣታችሁ በፊት ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የክፍሉን ድምፅ ብቻ 30 ሰከንድ ቅዱ፤ ንግግር ስትቆርጡ ክፍተቱን የምትሞሉት በእሱ ነው። የሸማኔውን እጆች፣ የመወርወሪያውን ምልልስ ደግሞ ስልኩን ሳታንቀሳቅሱ ቢያንስ 10 ሰከንድ ቅረጹ። እኔ ሦስት ሦስት ሰከንድ እየቀረጽኩ ስንቱን ምስል ከጥቅም ውጪ አደረግሁት!