ስለ ሮክ ሬዲዮ ከልጅዎ ጋር ሲከራከሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጄን ከትምህርት ቤት ሳመጣ መኪና ውስጥ ሁሌም አንድ ክርክር አለ። እኔ የምከፍተው ክላሲክ ሮክ፣ ማለትም የድሮ ዝነኛ ሮክ፣ የሚያጫውት ጣቢያ ነው። አሜሪካ እንደመጣሁ ሌሊት ታክሲ ስነዳ አብሮኝ የሚያድረው እሱ ነበር። ልጄ ደግሞ ገና ቀበቶውን ሳያስር ስልኩን ከመኪናው ጋር ለማገናኘት ይጣደፋል። «አባዬ፣ ይሄ እኮ ትናንትም ነበር» ይለኛል። እውነቱን ነው። እኔ ግን ለዓመታት ክርክሩን በተሳሳተ መንገድ ስይዘው ኖሬያለሁ። የተሳሳትኩባቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሬዲዮው የሚያጫውተው የድሮው ዘመን ሙዚቃ ሁሉ ነው ብሎ ማሰብ

ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው። በ1967 ዲጄው ቶም ዶናሁ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ኬኤምፒኤክስ በተባለው የኤፍኤም ጣቢያ ሥራ ሲጀምር ዲጄዎቹ ደስ ያላቸውን ሸክላ አንስተው ያጫውቱ ነበር። ዘፈኑ ቢረዝም፣ ብሉዝ ቢሆን፣ ባንዱን ማንም ባያውቀው ግድ የላቸውም። በ1970ዎቹ ግን አማካሪዎች ገቡ፤ ምርጫው ቀስ በቀስ ከዲጄው እጅ ወጣ። ዘፈን ለመምረጥ አድማጮች ይሰበሰቡና ከየዘፈኑ በጣም የሚታወቀው ቦታ ለጥቂት ሰከንድ ይሰማቸዋል። ከዚያ ነጥብ ይሰጣሉ። እስቲ አስቡት፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሰው «ወደድኩት» የሚለው ቀድሞ የሚያውቀውን ነው። እንግዳ ዘፈን በዚህ በር አያልፍም።

በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ደግሞ አንድ ኩባንያ በመላ አገሪቱ ስንት የሬዲዮ ጣቢያ መያዝ እንደሚችል የሚወስነውን ገደብ አነሳ። ጥቂት ኩባንያዎች ጣቢያዎቹን ገዝተው ሰበሰቧቸው። ክሊር ቻነል ብቻውን ከ1,000 በላይ ጣቢያ ነበረው። ዛሬ ከከተማ ከተማ ብትነዱ የጣቢያው ቁጥር ይለወጣል፤ ዘፈኑ ግን ያው ነው። ጥቂት መቶ ዘፈኖች ናቸው የሚሽከረከሩት።

ልጄ «የእናንተ ሙዚቃ ያሰለቻል» ሲለኝ በጣም እናደድ ነበር። አሁን ሲገባኝ የሰለቸው ይሄ ዝርዝር ነው። የዚያን ዘመን ሙዚቃ ገና አልሰማውም።

በወንፊት ተነፍቶ ያለፈውን ካልተነፋው ጋር ማወዳደር

«ድሮ የወጣው ሁሉ ወርቅ ነበር» እንላለን። 1969ን እንውሰድ። ዉድስቶክ የተባለው ዝነኛ የሮክ ፌስቲቫል የተካሄደበት ዓመት ነው። የሮክ ባንዱ የሌድ ዘፕሊን የመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞች የወጡት ያን ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ቢልቦርድ የተባለው የሙዚቃ መጽሔት ባወጣው የዓመቱ ተወዳጅ ዘፈኖች ዝርዝር አንደኛ የሆነው ግን «ሹገር ሹገር» ነው። ዘፈኑ የአርቺስ ነው፤ አርቺስ ደግሞ የካርቱን ባንድ ነው። ክላሲክ ሮክ ጣቢያ ላይ ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም። ከ50 ዓመት በላይ በወንፊት የተነፋውን ዛሬ ጠዋት ከወጣው ሁሉ ጋር ማስተያየት ለልጆቹ ፍርደ ገምድልነት ነው።

«ክላሲክ» የሚለው ቃል አይንቀሳቀስም ማለት

ኒርቫና የተባለውን ባንድ ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ በክላሲክ ሮክ ጣቢያ ስሰማ ደነገጥኩ። «ይሄማ የትናንት ነው!» አልኩ። ሒሳቡን ስሠራው ግን ዝም አልኩ። ይህ ዓይነቱ ጣቢያ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲስፋፋ የ1970 ዘፈን ገና የ15 ዓመት ነበር። የኒርቫና አልበም «ኔቨርማይንድ» የወጣው በ1991 ነው፤ 30 ዓመት አልፎታል። ማስታወቂያ የሚያስነግሩት ድርጅቶች በአብዛኛው የሚፈልጉት ከ25 እስከ 54 ዓመት ያለውን አድማጭ ነው። በ1970 የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከ70 አልፏል። ጣቢያው ገበያውን ተከትሎ ይሄዳል።

«ይሄ ጩኸት ነው» ማለት

በጥር 1957 ኤልቪስ ፕሬስሊ በኤድ ሰሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሲቀርብ የዳሌው ውዝዋዜ ነውር ነው ተብሎ ካሜራው ያሳየው ከወገቡ በላይ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ላይም አለማየሁ እሸቴ ኤልቪስን እየመሰለ መድረክ ላይ ሲወጣ የጨፈሩለት ልጆች ዛሬ አያቶች ናቸው። የነሱም ወላጆች ቤት ውስጥ ምን ይሉ እንደነበር መገመት አያቅትም።

ወጣቶች የድሮ አይሰሙም ብሎ መደምደም

እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ኬት ቡሽ በ1985 ያወጣችው ዘፈን በ2022 ብሪታንያ ውስጥ አንደኛ ሆነ። ምክንያቱ ልጆቹ የሚያዩት ተከታታይ ድራማ ውስጥ መግባቱ ነው። የባንዱ የፍሊትዉድ ማክ የ1977 ዘፈን «ድሪምስ»ም በ2020 በአንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ሰበብ ተመልሶ ተነሳ። ሬዲዮ አልነበረም ያገናኛቸው።

ሮክን ከሥሩ ነጥሎ ማቅረብ

ይሄኛው ልቤን ይነካዋል። ክላሲክ ሮክ ጣቢያ ቀኑን ሙሉ ብትሰሙ ከጂሚ ሄንድሪክስ በቀር ጥቁር ሙዚቀኛ የምትሰሙት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ሮክን ያቆሙት ግን እነ ቸክ ቤሪና እነ ሊትል ሪቻርድ ናቸው። ከነሱም በፊት ሲስተር ሮዜታ ታርፕ በ1940ዎቹ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዛ መዝሙር ታቀልጠው ነበር። እኔ ለልጄ «ሮክ እውነተኛ ሙዚቃ ነው፣ ያንተ ሂፕሆፕ ግን...» እያልኩ ስከራከር፣ ሁለቱም ከጥቁሮች ሙዚቃ የተወለዱ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ዘንግቼው ነበር። ተዳክሞ የነበረውን የሮክ ባንድ ኤሮስሚዝን እንኳ በ1986 መልሰው ያነሱት ራን ዲኤምሲ ናቸው፤ ራፐሮች!

ዘፈን ከፍቶ ማስተማር

ባንዱ መቼ ተመሠረተ፣ ከበሮ መቺው ማነው... ዘፈኑ እየሄደ አስረዳዋለሁ፤ እሱ መስኮት መስኮት ያያል። ባለፈው ግን ምንም ሳልል የሮዜታ ታርፕን ቪዲዮ አሳየሁት። በ1964 ማንቸስተር ውስጥ አገልግሎት ባቆመ የባቡር ጣቢያ የተቀረጸ ነው። ካፖርቷን እንደለበሰች፣ ጊታሯን አንግታ ትጫወታለች። አንዴ አይቶ ጨረሰው። ከዚያ ስልኩን ከእጄ ወሰደና ከመጀመሪያው መልሶ ከፈተው።