ከጡረታ በኋላ በኢንተርኔት ተጨማሪ ገቢ ለማግኘት፦ ከክፍያው መንገድ ይጀምሩ

አብዛኛው ጀማሪ በቅድሚያ ሥራ ይፈልጋል፤ ገንዘቡ በየት በኩል እጁ እንደሚገባ የሚያስበው ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ ብዙ ልፋት ያድናል። የክፍያው መንገድ ተጣርቶ ሥራው ቢዘገይ የሚጠፋ ነገር የለም፤ ሥራው ተሠርቶ ገንዘቡ መውጫ ካጣ ግን የወር ድካም ስክሪን ላይ ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

ሊሠሩበት ያሰቡት ድረ ገጽ ለሠራተኞች በምን በምን መንገድ እንደሚከፍል የሚገልጽ ገጽ አለው። እዚያ ገብተው የሚኖሩበት አገር መኖሩን ያረጋግጡ። ፔይፓል የተባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማስተላለፊያ በአንዳንድ አገሮች ለመላክ እንጂ ለመቀበል አያገለግልም፤ ስለዚህ አካውንቱ ስለተከፈተ ብቻ አይተማመኑ። ፔዮኒርን ወይም ሌላ አስተላላፊ ሲመርጡም ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ለማውጣት የሚፈቀደው ዝቅተኛ መጠን ስንት ነው? በአንድ ጊዜ ማውጣት ስንት ይቆረጣል? ምንዛሬው በማን ዋጋ ይሠራል? በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት የሚያወጣ ሰው በአገልግሎት ክፍያ ብቻ ብዙ ያጣል፤ ጠርቀም ሲል ማውጣት ይሻላል። ሥራው ባለቀ ማግስት እንደማይከፈልም ይወቁ። ለምሳሌ ፋይቨር በተባለው የሥራ ማገናኛ ድረ ገጽ ላይ ደንበኛው ሥራውን ከተረከበ በኋላ የአዲስ ሠራተኛ ገንዘብ 14 ቀን ተይዞ ይቆያል። ለመድኃኒት ወይም ለኪራይ ቀን የተቆረጠለት ወጪ በዚህ ገንዘብ ላይ አይጣል።

የስም አጻጻፍ ትንሽ ነገር ቢመስልም ብዙ ሰው የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። በመታወቂያዎ ወይም በፓስፖርትዎ ላይ ያለው የላቲን ፊደል አጻጻፍ፣ በባንክ ሂሳብዎ ላይ ያለውና ድረ ገጹ ላይ የሚሞሉት አንድ መሆን አለባቸው። በአንዱ ላይ አንድ «ኤስ»፣ በሌላው ላይ ሁለት «ኤስ» ካለ ማረጋገጫው ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድመው ያስተካክሉ። በልጅ ወይም በዘመድ ስም በተከፈተ አካውንት መሥራትም አያዋጣም። ድረ ገጾቹ የሠራተኛውን ፊት በካሜራ ከመታወቂያው ጋር ያመሳክራሉ፤ ካልገጠመ አካውንቱ ሲዘጋ ውስጡ ያለው ገንዘብም አብሮ ይታገዳል።

ከዚሁ ጋር የጡረታ ደንቡን ያጣሩ። በአንዳንድ አገሮች ሌላ ገቢ ጡረታን ይነካል፤ በተለይ ያለ ዕድሜ የወጣ ጡረታና የአካል ጉዳት አበል። በአሜሪካ ለምሳሌ ሙሉ የጡረታ ዕድሜ ሳይደርስ የሚሠራ ሰው ከዓመታዊው ጣሪያ በላይ ላገኘው ለእያንዳንዱ 2 ዶላር 1 ዶላር ከአበሉ ይቀነስበታል። ጥያቄውን ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ያቅርቡ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ።

ምን ዓይነት ሥራ?

«የ30 ዓመት ልምድ ያለው የሂሳብ ባለሙያ» የሚለው መግለጫ ለቀድሞ ባልደረባ ብዙ ይናገራል። ደንበኛ ግን እንደዚያ ብሎ አይፈልግም፤ «የሱቄን የባንክ መግለጫ በየወሩ ከመዝገቤ ጋር የሚያስታርቅልኝ» ብሎ ነው የሚፈልገው። ወረቀት ይያዙና በሥራ ዘመንዎ ሰው ወደ ጠረጴዛዎ ይዞት ይመጣ የነበረውን ችግር ይዘርዝሩ። የሚሸጡት ነገር እዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ። ጸሐፊ የነበረ ሰው የተበታተነ ሰነድ ማስተካከልና ቃለ ጉባኤ ማዘጋጀት ይችላል። ነርስ የነበረች ለሕመምተኞች የሚጻፍ መረጃ ትክክልና ግልጽ መሆኑን ማየት ትችላለች። መሐንዲስ የግንባታ የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር ይመረምራል፤ መምህር ለአንድ የተወሰነ ፈተና ያዘጋጃል። ከዝርዝሩ አንዱን ብቻ ይምረጡ። አምስት አገልግሎት የተደረደረበት ፕሮፋይል በአንዱም የማይታመን ይሆናል።

ድምፅን ወደ ጽሑፍ መገልበጥና ተራ ትርጉም ድሮ ለጀማሪ ጥሩ መግቢያ ነበሩ። አሁን የመጀመሪያውን ረቂቅ ማሽን ስለሚሠራው ክፍያቸው ወርዷል፤ የቀረው ሥራ የማሽኑን ስህተት ማረም ነው፤ እሱም የሚከፍለው መስኩን ለሚያውቅ ሰው ነው። የመጠይቅ መሙያና ማስታወቂያ የመጫን ሥራዎች ጊዜ ይበላሉ እንጂ ገቢ አይባሉም። ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ተከታይ፣ ከዚያም በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየትን (ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የአጭር ቪዲዮ እይታን) ይጠይቃል። ለሚወደው ሰው መልካም ነው፤ ለዘንድሮ ወጪ ግን አይታሰብም።

የማስተማር ሥራ በቅርበት

ለብዙ ጡረተኛ የሚበጀው አንድ ለአንድ ማስተማር ነው ብለን እናምናለን። ዕድሜ እዚህ ላይ ሞገስ ነው፤ ሰዓቱን የሚመርጡት እርስዎ ነዎት፤ አንድ ተማሪ ከቆየ ደግሞ በየሳምንቱ አዲስ ደንበኛ ማደን አይኖርም። የሙያ ትምህርት፣ የትምህርት ቤት ሂሳብ ወይም የአፍ መፍቻ ቋንቋዎን ማስተማር ይችላሉ።

ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ማይክ ያለው ባለ ሽቦ ማዳመጫ ከላፕቶፑ ማይክ እጅግ ይሻላል፤ የራስዎ ድምፅ ተመልሶ እንዳያስተጋባም ያደርጋል። ብርሃኑ ከፊትዎ ይምጣ፤ መስኮት ከኋላዎ ካለ ተማሪው የሚያየው ጥላ ብቻ ነው። ካሜራው በዓይንዎ ትክክል እንዲሆን ላፕቶፑን መጻሕፍት ላይ ያስቀምጡት። በዙም (የቪዲዮ ጥሪ ፕሮግራም) ለሁለት ሰው ጥሪ በ720 የምስል ጥራት በሰከንድ 1.2 ሜጋቢት ያህል ይበቃል፤ ይህ ግን ለማውረድ ብቻ ሳይሆን ለመላክም ነው፣ ብዙ መስመር የሚደክመውም በመላክ በኩል ነው። ፍጥነቱን የሚለኩት በሚያስተምሩበት ሰዓት ይሁን፤ ጠዋት የሚሮጠው መስመር ማታ ሊያዘግም ይችላል። መስመሩ ድንገት ቢቋረጥ የስልክዎን ዳታ ለላፕቶፑ ማጋራት አስቀድመው ይለማመዱ።

የሙከራ ትምህርቱ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያውን 5 ደቂቃ ተማሪው ለምን እንደሚማርና እስከ መቼ መድረስ እንደሚፈልግ ይጠይቁበት። በ10 ደቂቃ አንድ ትንሽ ነገር ብቻ በደንብ ያስተምሩ። በቀጣዩ 5 ደቂቃ ተማሪው ራሱ ይሥራው፣ እርስዎ ዝም ብለው ይመልከቱ። በቀረው ጊዜ የሚቀጥሉትን አራት ትምህርቶች ርዕስ ነግረው ቀንና ሰዓት ይቁረጡ። ሙከራው ያለ ቀጠሮ ካለቀ ተማሪው የመመለሱ ነገር ያጠራጥራል። ክፍል ሙሉ ተማሪ ማስተማር የለመደ መምህር ብዙ ጊዜ የሚስተው ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ ራሱ በመናገር ነው። ፕሬፕሊ የተባለው አስተማሪና ተማሪ የሚያገናኝ ድረ ገጽ የሙከራውን ክፍያ ሙሉ በሙሉ ለራሱ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ኮሚሽኑ ከ33 በመቶ ጀምሮ ያስተማሩት ሰዓት ሲጨምር እስከ 18 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ የሙከራው ዋጋ ገንዘቡ ላይ ሳይሆን ተማሪውን ማቆየቱ ላይ ነው።

ተማሪዎ አውሮፓ ወይም ሰሜን አሜሪካ ካለ በመጋቢትና በጥቅምት ግድም ሰዓታቸው በአንድ ሰዓት ይዛወራል፤ ሁለቱም በአንድ ቀን አይለውጡም። በእነዚያ ሳምንታት ቀጠሮውን በጽሑፍ ደግመው ያረጋግጡ።

ዋጋ ማውጣት

ለአንድ ሰዓት ድካምዎ 10 ዶላር በእጅዎ እንዲገባ ይፈልጋሉ እንበል። የአንድ ሰዓት ትምህርት ከዝግጅትና መልእክት ከመመለስ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ስለዚህ 15 ዶላር መግባት አለበት። ድረ ገጹ 20 በመቶ የሚቆርጥ ከሆነ (ፋይቨር የሚወስደው ይህን ነው) 15ን ለ0.8 ያካፍሉ፦ 18.75 ዶላር ይመጣል። በ15 ላይ 20 በመቶ ጨምሮ 18 ማለት የተለመደ ስህተት ነው፤ ከ18 ላይ 20 በመቶ ሲነሳ የሚቀረው 14.40 ብቻ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ደንበኞች ዋጋ ዝቅ ማድረግ ያስኬዳል፣ የደንበኛ አስተያየት ያመጣልና። ዝቅ ያለው ዋጋ እስከ መቼ እንደሆነ ግን ከመጀመሪያው ይንገሩ።

የሥራ ናሙና የሌለው ሰው ራሱ ናሙና ይሥራ፦ የተሳሳተ የሂሳብ ሠንጠረዥና የታረመው ጎን ለጎን፣ ወይም የአንድ ገጽ ጽሑፍ ከእርማቱ በፊትና በኋላ። የቀድሞ መሥሪያ ቤትዎን ሰነድ ግን አይጠቀሙ፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ በጡረታ አይቀርም።

አጭበርባሪዎች

ጡረተኛ ቁጠባ አለው ተብሎ ስለሚታሰብ ተፈላጊ ዒላማ ነው፤ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ከማናቸውም ምክር ይቀድማል። ዋነኛው ዘዴ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ የሚመጣው «ቪዲዮ ላይክ አድርገው ይከፈሉ» የሚል ሥራ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ገንዘብ በእርግጥ ይከፍላሉ፤ እምነት የሚገዙት በዚያ ነው። ቀጥሎ የተጠራቀመውን ለማስለቀቅ ማስያዣ ይጠይቃሉ፣ ያ ሲከፈል ሌላ ይጨምራሉ። ለማስለቀቅ ክፈሉ የሚል ቃል ሲመጣ ያቁሙ፤ የገባውን ለማዳን ሌላ አይጨምሩ።

«በስህተት ብዙ ልኬልሃለሁ፣ ትርፉን መልስልኝ» የሚል ደንበኛም አለ። የላከው ቼክ ወይም ክፍያ ከቀናት በኋላ ውድቅ ይሆናል፤ እርስዎ የመለሱት ግን ከራስዎ ኪስ የወጣ ነው። በባንክ ሂሳብዎ የሰው ገንዘብ ተቀብሎ ማስተላለፍ ሥራ መስሎ ሲቀርብ ደግሞ በወንጀል ሊያስከስስ ይችላል። አካውንትዎን ለማከራየት ወይም ኮምፒውተርዎን ከሩቅ ለማንቀሳቀስ በሚያስችሉት በኤኒዴስክና በመሰል ፕሮግራም ለመክፈት የሚጠይቅዎን ሰው አያስተናግዱ። ከድረ ገጹ ውጭ እንነጋገር የሚል አዲስ ደንበኛ ሲገጥም፣ ክፍያው በድረ ገጹ ተይዞ እስኪያዩ ድረስ አንድ መስመር እንኳ አይሥሩ።

ለሥራ ክፈሉ መባል ማጭበርበር የማይሆንበት አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። አፕወርክ የተባለው የሥራ ማገናኛ ድረ ገጽ ለሥራ ለማመልከት «ኮኔክት» የሚባል የማመልከቻ ነጥብ ያስገዛል፣ አንዱ በ0.15 ዶላር። ይህ ለድረ ገጹ የሚከፈል የታወቀ ክፍያ ነው፤ ቀጣሪ ነኝ ለሚል ሰው ከሚከፈል ገንዘብ ጋር አይምታታ።

የኢሜይልዎና የክፍያ አካውንትዎ የይለፍ ቃሎች የተለያዩ ይሁኑ፤ በሁለቱም ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) ያብሩ። ሲያበሩት የሚሰጠውን የመጠባበቂያ ኮድ ወረቀት ላይ ጽፈው ከሌሎች ሰነዶችዎ ጋር ያኑሩት። ስልክ ሲጠፋ ብዙ ሰው ከገዛ አካውንቱ ውጭ የሚቀረው ይህ ወረቀት ስለሌለው ነው።

መዝገብ

አምስት ዓምድ ይበቃል፦ ቀን፣ ደንበኛ፣ ደንበኛው የከፈለው፣ ድረ ገጹ የቆረጠው፣ እጅዎ የገባው። ግብር ሲሰላ የተቆረጠው ኮሚሽን እንደ ወጪ ሊያዝ ስለሚችል ዓምዶቹን አያዋህዱ። ከአሜሪካ ውጭ የሚኖሩና የአሜሪካ ዜጋ ያልሆኑ ሰዎችን አንዳንድ የአሜሪካ ድረ ገጾች ደብልዩ-8ቤን የሚባል የግብር ቅጽ ያስሞሏቸዋል። ቅጹ በአብዛኛው የሚያገለግለው ከተፈረመበት ዓመት በኋላ እስካለው 3ኛ ዓመት ማብቂያ ድረስ ነው፤ የሚያበቃበትን ቀን መዝገቡ ጀርባ ላይ ይጻፉት።