ባዝሺባ ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የካሪቢያኗን ደሴት ባርቤዶስን የሚጎበኝ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በምዕራቡ ዳርቻ ነው። ትልልቆቹ ሆቴሎች ያሉት እዚያ ነው፤ ባሕሩም እንደ ሐይቅ የተኛ ነው። ባዝሺባ ግን በምሥራቅ በኩል፣ ፊቷን ለአትላንቲክ የሰጠች ትንሽ መንደር ናት። ስሟ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ባዝሺባ ማለት የሰሎሞን እናት ቤርሳቤህ ናት። ነጩ አረፋ እሷ ትታጠብበት ነበር የሚባለውን ወተት ስለሚመስል ነው ስሙ የወጣላት ይባላል። በጣም የምወደው ዳርቻ ነው። ግን ሰው የሚጎዳበትም ነው።

ትልቁ ስህተት “ባሕር ያው ባሕር ነው” ብሎ መግባት ነው። ከዚህ ዳርቻ እስከ አፍሪካ ድረስ ማዕበሉን የሚገታው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ያ ሁሉ ጉልበት መጥቶ የሚፈርሰው እዚህ ነው። ከላይ ሲታይ ረጋ ያለ በሚመስል ቦታ እንኳን ውሃው ወደ ጥልቁ ይጎትታል። ዋና የተማርነው ገንዳ ውስጥ ከሆነ፣ እንደ ብዙዎቻችን፣ ይህን ጉተታ አናውቀውም። ስለዚህ አትዋኙ። ባሕሩ ሲሸሽ በድንጋዮቹ መካከል ውሃ ያቁራል፤ የአገሬው ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ ይታጠባል። የትኛው ጋ መቀመጥ እንደሚቻል እነሱን ጠይቁ። ድንገት ውሃው ከወሰዳችሁ በቀጥታ ወደ ዳር ለመመለስ አትታገሉት፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኛችሁ ከጉተታው ውጡ።

ሌላው፣ ሰርፊንግን፣ ማለትም ጣውላ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብን፣ እዚህ ልጀምር ማለት ነው። “ሱፕ ቦውል” የሚባለውን የዚህን ዳርቻ ማዕበል 11 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ኬሊ ስሌተር ከዓለም ምርጦቹ ተርታ ያስቀምጠዋል። ከሥሩ ያለው አሸዋ አይደለም። ኮራል የሚባል ስለታም የባሕር ዐለት ነው፤ በላዩም እንደ ጃርት እሾህ ያለው የባሕር እንስሳ ይኖራል። እሾሁ እግር ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። ጀማሪ ከሆናችሁ በደቡብ በኩል ያለው ፍሬይትስ ቤይ ይሻላችኋል። የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ተራ ጠብቁ፤ ማዕበሉ መፍረስ ለጀመረበት ቦታ የሚቀርበው ሰው ቀዳሚ ነው። ይህ እዚያ ትልቅ የአክብሮት ጉዳይ ነው። ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ማዕበሉ ይጠነክራል፤ ግን የአውሎ ነፋስ ወቅትም ስለሆነ ትንበያ ሳታዩ አትሂዱ።

ዝናብ መጣ ብሎ ያገኙት ዛፍ ሥር መጠለልም አለ። ማንቺኒል የሚባለው ዛፍ በካሪቢያን ባሕር ዳር በብዛት ይበቅላል። ፍሬው ትንሽ አረንጓዴ ፖም ይመስላል፤ ሽታውም ይጣፍጣል። መርዝ ነው። ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ዝናብ ራሱ ቆዳን ያቃጥላል፤ ውሃ ያስቋጥራል። አንዳንዱ ዛፍ ላይ ቀይ ምልክት ይቀባል፤ ምልክት የሌለውም ግን አለ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ የወደቀ ፍሬ እንዳያነሱ አጥብቃችሁ ንገሯቸው።

የወታደር ዥጉርጉር ልብስም አትልበሱ። በባርቤዶስ ሕግ ክልክል ነው፤ ለሕፃንም ቢሆን።

ዋጋ ስትጠይቁ “ዶላር” ሲሏችሁ የየትኛው አገር እንደሆነ አረጋግጡ። 2 የባርቤዶስ ዶላር 1 የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ሳይጠይቁ እጥፍ መክፈል ቀላል ነው። ከዋና ከተማዋ ከብሪጅታውን አውቶቡስ ስትይዙ ዝርዝር ገንዘብ ይኑራችሁ። መመለሻውንም ሹፌሩን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ፀሐይ እንደ አገራችን ዓመቱን ሙሉ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች።

ምሳ ከሆቴል ቋጥሮ መምጣትም ያሳዝነኛል። መንደሩ ውስጥ ትንንሽ ምግብ ቤቶች አሉ። “የሚበርር ዓሣ” የሚባለውን የዓሣ ዓይነት እዚያ ብሉ፤ ገንዘባችሁም ዳርቻውን እንዳለ ላቆዩት ሰዎች ይድረስ።